ፓቺንኮ፦ የብረት ብይና የጠባብ መስኮት ታሪክ

በጃፓን ከተሞች በባቡር ጣቢያ አካባቢ የሚያልፍ መንገደኛ አንድ የመስተዋት በር በድንገት ሲከፈት በረዶ በቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚወርድ የሚመስል ጩኸት ይሰማል። በሩ ሲዘጋ ጩኸቱም ይቆረጣል። ከበሩ በስተጀርባ በረድፍ የቆሙ ማሽኖች አሉ፤ በእያንዳንዱ ማሽን ፊት አንድ ሰው ተቀምጧል። ሰዎቹ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተዋል፤ ይሁን እንጂ አንዱ ሌላውን አያነጋግርም፣ ዞር ብሎም አያየውም። የጽሕፈት ቤት ሠራተኛው፣ የቤት እመቤቷ፣ ጡረተኛው፣ ሁሉም ዐይናቸውን በአንዲት ተወርዋሪ ብይ ላይ ተክለዋል።

ጨዋታው ፓቺንኮ ይባላል። «ፓቺ ፓቺ» ጃፓኖች እንደ ማገዶ ለሚንጣጣ ድምፅ ያወጡት ቃል ነው። ልጆች የሚያስፈነጥሩበት የጎማ ወንጭፍም በቋንቋቸው ፓቺንኮ ነው፤ ሁለቱም አንዲት ትንሽ ነገር ወርውሮ መጨረሻዋን በጉጉት መጠበቅ ናቸውና ስሙ ለሁለቱም ይስማማል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ማሽኑ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ፊቱ በመስተዋት የተሸፈነ ሰሌዳ ነው። በሰሌዳው ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ቀጫጭን የናስ ምስማሮች ተተክለዋል። የሚወረወረው 11 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት የብረት ብይ ናት፤ የእኛ ሰፈር ልጆች ከአሮጌ ኩሽኔታ ፈልቅቀው የሚጫወቱባትን ዐይነት። ተጫዋቹ ብዮቹን አይገዛም፤ «ይከራያል»። የተለመደው ኪራይ ለአንዲት ብይ 4 የን ነው። ብይዋ ወደ ሰሌዳው አናት ትወነጨፍና በምስማሮቹ መካከል እየተላተመች ትወርዳለች። ከተፈለገችው ቀዳዳ ከገባች ብዙ ብዮች ወልዳ ትመለሳለች፤ ካልገባች ወደ ታችኛው ጨለማ ትሰወራለች። የተጫዋቹ ጥበብ የውርወራውን ኃይል ከመመጠን አያልፍም። ከዚያ በኋላ ያለው የምስማሩ ፈንታ ነው።

ጨዋታው መጀመሪያ የልጆች ነበር። በ1920ዎቹ በምዕራባውያን የጠረጴዛ ጨዋታ አምሳል የተሠሩ ሰሌዳዎች በጃፓን የከረሜላ ሱቆች ታዩ፤ ብዩን ከቀዳዳ ያስገባ ልጅ ከረሜላ ይሸለም ነበር። ሰሌዳው ተጋድሞ ቦታ ስለሚይዝ እንዲቆም ተደረገ። አዋቂዎች የልጆቹን መጫወቻ ለመቀማት ብዙ አልቆዩም፤ በ1930 በናጎያ ከተማ ፈቃድ ያለው የመጀመሪያው ቤት ተከፈተ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብረትም፣ ሥራ ፈት እጅም ለጦሩ ተፈለጉና ቤቶቹ ተዘጉ።

ከሽንፈቱ በኋላ ግን ፓቺንኮ ከፍርስራሹ መካከል ተመልሶ ብቅ አለ። ከተሞቹ ተቃጥለዋል፤ ሲጋራና ሳሙና በራሽን ነው። በጥቂት ሳንቲም ብይ ተከራይቶ አንድ ፓኮ ሲጋራ ይዞ ወደ ቤት መመለስ መዝናኛ ብቻ ሳይሆን መተዳደሪያም ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ ማሳሙራ ታኬኢቺ የተባለ የናጎያ ሰው የጨዋታውን ዕጣ የወሰነ ማሻሻያ አደረገ። ከእርሱ በፊት ምስማሮቹ በሰሌዳው ላይ እኩል ተራርቀው የተተከሉ ነበሩ። ማሳሙራ አንዳንዱን ቦታ ባዶ ተወ፤ ሌላውን ቦታ ምስማር በምስማር አደረገ፤ የሚሽከረከሩ ትናንሽ መዘውሮችም ጨመረ። ብይዋ ከእንግዲህ በቀጥታ አትወርድም፤ ታመነታለች፣ ወደ ቀዳዳው ትጠጋለች፣ ልትገባ ስትል ከንፈሩን ነክታ ታልፋለች። ሰውን ወንበሩ ላይ የሚያስቀምጠው «ለጥቂት ሳትኩ» የሚለው ስሜት መሆኑን ከማሳሙራ የተሻለ የተረዳ ያለ አይመስለኝም።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ አገሩ ሁሉ የፓቺንኮ ቤት ሆነ። በአዳራሾቹ የቀድሞው የባሕር ኃይል ሰልፍ ማርሽ በድምፅ ማጉያ ይለቀቅ ነበር፤ የተሸነፈ ጦር ማርሽ ለብረት ብይ ሲዘመር ምን እንደሚመስል አንባቢ ይገምት። የፊልም ባለሙያው ኦዙ ያሱጂሮ በ1952 በሠራው «የሩዝ ላይ ሻይ ጣዕም» ፊልሙ፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ የቀድሞ የጦር ጓዱን የሚያገኘው በፓቺንኮ ቤት ባለቤትነት ነው። ሁለቱ ሰዎች ያለፈውን የጦርነት ዘመን ያነሣሉ፤ ከግድግዳው ባሻገር ብዮቹ ይንጫጫሉ። ብዮችን ያለማቋረጥ የሚተፋው ፈጣን ማሽን በመጣ ጊዜ ኪሳራውም ፈጠነ፤ በ1954 የቶኪዮ ባለሥልጣናት ይህን ማሽን ለማገድ ወሰኑና ብዙ ቤቶች ተዘጉ። የተረፉት ግን እስከ ዛሬ አሉ።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ፤ እኔን ወደዚህ ታሪክ የሳበኝ እርሱ ነውና።

የጃፓን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ቁማርን ይከለክላል። በመንግሥታዊ አካላት የሚካሄዱት የፈረስ፣ የብስክሌትና የጀልባ እሽቅድምድም ውርርዶች በልዩ ሕግ ተፈቅደዋል፤ ፓቺንኮ ግን በእነርሱ ውስጥ አይገኝም። ፓቺንኮ በ1948 በወጣው የመዝናኛ ቤቶች ሕግ ሥር የሚተዳደር «ጨዋታ» ነው። ቤቱ ለአሸናፊ ጥሬ ገንዘብ መስጠት አይችልም፤ የሰጠውንም ሽልማት መልሶ መግዛት አይችልም። ታዲያ ይህ ሁሉ ሕዝብ ለቸኮሌትና ለሳሙና ነውን የሚቀመጠው?

አይደለም። አሸናፊው ብዮቹን አስቆጥሮ ከቤቱ «ልዩ ሽልማት» ይቀበላል። ይህ ሽልማት በፕላስቲክ የታሸገ ትንሽ ነገር ነው፤ በቶኪዮ ውስጡ ቁራጭ ወርቅ አለበት። አሸናፊው ይህን ይዞ ይወጣል፤ ከሕንፃው ጥግ ዞር ሲል አንዲት ጠባብ መስኮት ያገኛል። ሽልማቱን ያስገባል፤ ገንዘብ ይወጣለታል። መስኮቷ የሌላ ድርጅት ናት፤ ከፓቺንኮ ቤቱ ጋር በሕግ አትዛመድም። ከመስኮቷ ሽልማቱን ሦስተኛ ድርጅት ይገዛና መልሶ ለፓቺንኮ ቤት ይሸጣል። ሦስቱ በወረቀት አይተዋወቁም፤ ወርቁ ግን ሲዞር ይኖራል። ይህ አሠራር በ1960ዎቹ መጀመሪያ በኦሳካ ሲደራጅ ዓላማው የልውውጡን ትርፍ ከያኩዛ ወሮበሎች እጅ አውጥቶ ባሎቻቸው በጦርነት ለሞቱባቸው ሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች መተዳደሪያ ማድረግ ነበር ይባላል። ፖሊስም ያውቃል፤ ሕፃንም ያውቃል፤ በወረቀት ላይ ግን የሚያውቅ የለም።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኔን የማሳልፈው በመስኮት ጀርባ ነው። ስለዚህ የዚያች መስኮት አሠራር ሳይገርመኝ አልቀረም። በእኛ መስኮት ደንበኛው ፊቴን ያያል፤ ስሙን እጠራለሁ፤ ፊርማውን አመሳክራለሁ። በብዙ የልውውጥ መስኮቶች ግን ክፍተቷ ለእጅ ብቻ የምትበቃ ናት። ስም የለም፣ ሰላምታ የለም፣ ደረሰኝም የለም፤ የሰውየው እጅና የሴትየዋ እጅ ብቻ ይተያያሉ። አንድ ኅብረተሰብ የሚፈልገውን ነገር ሳያየው ለማግኘት ከዚህ የተሻለ ግንብ አልሠራም። ያለዚያች መስኮት ፓቺንኮ የልጆች መጫወቻ ነው፤ ከእርሷ ጋር ደግሞ በ1990ዎቹ ተጫዋቾች በዓመት ወደ 30 ትሪሊዮን የን ገደማ ያፈሰሱበት ኢንዱስትሪ ሆኖ ነበር።

ታዲያ ከመስኮቷ ጀርባ ማን ይቀመጥ? ቤቱንስ ማን ይክፈተው? እዚህ ላይ የኮርያውያን ታሪክ ይገባል።

ጃፓን ኮርያን በ1910 ወደ ግዛቷ ቀላቀለች። መሬቱን ያጣው ገበሬ ሥራ ፍለጋ፣ ኋላም በጦርነቱ ዘመን በግዴታ፣ ባሕሩን ተሻገረ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ በጃፓን ምድር 2 ሚሊዮን ያህል ኮርያውያን ነበሩ። አብዛኞቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ 600 ሺህ ገደማ የሚሆኑት ቀሩ። በ1950 ደግሞ አገራቸው በጦርነት ተቀጣጠለች፤ የእኛው ቃኘው ሻለቃ በ1951 ቡሳን ወደብ ላይ የወረደበት ጦርነት ነው። የሚመለሱበት ቤት የሚቃጠል ነበር። በ1952 የሳን ፍራንሲስኮ የሰላም ውል ሲጸና የጃፓን መንግሥት እነዚህን ሰዎች ከዜግነት ሰረዛቸው። ትናንት የንጉሠ ነገሥቱ ተገዢ ተብሎ ለጦር የተፈለገው ሰው ዛሬ የውጭ አገር ሰው ሆኖ አደረ። የመንግሥት ሥራ የለም፤ ወደ ብሔራዊ ጡረታ መግባት እስከ 1982 አልተፈቀደም፤ የመኖሪያ መታወቂያ ለማውጣት የጣት አሻራ መስጠት ግዴታ ነበር፤ ለቋሚ ነዋሪዎች ይህ የቀረው በ1993 ነው።

ትልልቆቹ ኩባንያዎችም በራቸውን ዘግተው ነበር። በጃፓን ተወልዶ ያደገው ፓክ ጆንግ ሶክ በ1970 በጃፓናዊ ስሙ አመልክቶ የሂታቺን ፈተና አለፈ፤ ኮርያዊ መሆኑ ሲታወቅ ቅጥሩ ተሰረዘ። ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት ወስዶ በ1974 በዮኮሃማ ረታ። እርሱ ረታ፤ ፍርድ ቤት ያልሄዱት ግን እንደ ሌሎቹ የቀረውን ሥራ ሠሩ፦ ውራጅ ብረት መሰብሰብ፣ አሳማ ማርባት፣ ሥጋ ጠብሶ መሸጥ፣ የፓቺንኮ ቤት መክፈት። ዛሬም ከፓቺንኮ ቤት ባለቤቶች ከግማሽ የማያንሱት የኮርያ ዘር ያላቸው እንደሆኑ በሰፊው ይገመታል። ባንኮችም ስላላበደሯቸው የየራሳቸውን የብድርና ቁጠባ ማኅበራት አቋቋሙ። ይህን ሳነብ የሙያዬ ነገር ስለሆነ ቆም ብዬ አሰብኩ። የአበዳሪ «አይሆንም» በመዝገብ ውስጥ አንድ መስመር ናት፤ በሰው ሕይወት ውስጥ ግን ልጁ፣ የልጅ ልጁም የሚሠራውን ሥራ ትወስናለች።

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ኅብረተሰቡ ቁማሩን ፈለገ፤ ቁማርተኛ መባልን ግን አልፈለገም። ስለዚህ ሥራውን ሌላ ሥራ ለከለከላቸው ሰዎች ተወላቸው፤ ከዚያም «እነዚህ ሰዎች ቁማር አጫዋች ናቸው» ብሎ ናቃቸው።

የውጭ አገር ታዛቢዎች ብዙ ጊዜ ያዩት ሌላ ነገር ነው። ፈረንሳዊው ሮላን ባርት በ1970 ባሳተመው የጃፓን መጽሐፉ ስለ ፓቺንኮ ሲጽፍ የእጁን ምት ከሠዓሊ ብሩሽ ጋር አነጻጽሯል፤ ውብ ጽሑፍ ነው፤ ዐይኑ ግን ከሰሌዳው አላለፈም። ጀርመናዊው ቪም ቬንደርስ በ1985 «ቶኪዮ ጋ» በተሰኘው ፊልሙ አንድ እርምጃ ጨምሯል፦ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ በመዶሻ ምስማሮቹን የሚያቃናውን ሰው ያሳየናል። ይህ ሰው በጃፓንኛ «ኩጊሺ» ይባላል፤ የምስማር ባለሙያ እንበለው። ምስማሩ ለዐይን በማይታይ መጠን ወደ ግራ ከዘመመ ቀዳዳው ለጋስ ይሆናል፤ ወደ ቀኝ ከዘመመ ይሰስታል። ደንቡ የጸደቀን ማሽን ያለ ፈቃድ መለወጥን ይከለክላል፤ ነገር ግን የሌሊቱ መዶሻ የሙያው ምስጢር ሆኖ ኖሯል።

ደራሲዋ ዩ ሚሪ የእንዲህ ያለ ሰው ልጅ ናት። በ1968 በጃፓን ከኮርያውያን ወላጆች ተወለደች፤ አባቷ በፓቺንኮ ቤት የምስማር ባለሙያ ነበር። በ1998 ያሳተመችው «ጎልድ ራሽ» ልብ ወለድ በዮኮሃማ የፓቺንኮ ቤቶች ባለጸጋ ስለሆነ ሰው የ14 ዓመት ልጅ ይተርካል፤ ልጁ አባቱን ይገድላል። በመጽሐፉ ውስጥ ገንዘብ አለ፣ ቤት አለ፣ ልጁን ግን ማንም አላሳደገውም። ዩ ሚሪ ወገኖቿን ለማስተዛዘን አትጽፍም፤ ይህ ጥንካሬዋ ነው። በፓቺንኮ ቤት ውስጥ የሚጎዳው ባለቤቱ ብቻ እንዳልሆነም ታውቃለች። ደመወዙን በወንበሩ ላይ ጨርሶ የሚወጣው ሰው አለ። ወላጆቻቸው ሲጫወቱ በመኪና ውስጥ ተዘግቶባቸው በሙቀት የሞቱ ሕፃናት አሉ፤ በዚህ ምክንያት ቤቶቹ የመኪና ማቆሚያቸውን የሚቃኝ ሰው እስከ ማቆም ደርሰዋል። የቁማር ሱስን የሚመለከት መሠረታዊ ሕግ የወጣው በ2018 ነው፤ ዘግይቷል ማለት ያንሰዋል። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ፣ በሚያዝያ 2020፣ የኦሳካ አስተዳደር አንዘጋም ያሉትን ቤቶች ለማሳፈር ስማቸውን ይፋ ቢያደርግ፣ ዝርዝሩ ክፍት ቤት ለሚፈልጉ ተጫዋቾች መንገድ ጠቋሚ ሆነላቸው። በ1990ዎቹ አጋማሽ 18 ሺህ ገደማ የነበሩት ቤቶች በ2023 መጨረሻ ወደ 7 ሺህ ወርደዋል፤ የወረዱት ግን ከሕጉ ይልቅ ወጣቱ ወደ ስልኩ ስላዘነበለ ይመስለኛል።

ታሪኩን በመላው ዓለም ያሰማችው ግን ሚን ጂን ሊ ናት። በሴኡል ተወልዳ በልጅነቷ ኒው ዮርክ የገባች ደራሲ ስትሆን፣ ነገሩ የጸነሰባት በ1989 የኮሌጅ ተማሪ ሳለች ነው፦ በጃፓን የሚኖር አንድ የ13 ዓመት ኮርያዊ ልጅ በዘሩ ምክንያት በትምህርት ቤት ጓደኞቹ ተዋርዶ ራሱን እንዳጠፋ በአንድ ንግግር ላይ ሰማች። «ፓቺንኮ» የታተመው በ2017 ነው። በመካከሉ ቶኪዮ ኖራ ብዙ የጃፓን ኮርያውያንን አነጋግራ የቀድሞውን ረቂቋን ጥላ እንደ አዲስ ጽፋዋለች።

መጽሐፉ የአራት ትውልድ ታሪክ ነው። ከቡሳን አጠገብ ባለች ደሴት የምትኖር ሱንጃ የምትባል ልጃገረድ ሃንሱ ከሚባል ባለትዳር ሀብታም ትጸንሳለች፤ ይስሐቅ የሚባል በሽተኛ ወጣት የወንጌል አገልጋይ አግብቷት ወደ ኦሳካ ይዟት ይሄዳል። የገጸ ባሕርያቱ ስሞች ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደሉም፦ ይስሐቅ፣ ወንድሙ ዮሴፍ፣ ልጆቹ ኖኅና ሙሴ፣ የልጅ ልጁ ሰሎሞን። ሙሴ ትምህርት የማይሆንለት ተደባዳቢ ልጅ ነበርና በፓቺንኮ ቤት ተቀጥሮ ኋላ የቤቶች ባለቤት ይሆናል። ጠዋት ጠዋት ምስማሮቹ ሲነካኩ እያየ ያደገ ሰው ነው፤ ሕይወትን የሚረዳውም በዚያው መንገድ ነው፦ ሰሌዳው አስቀድሞ የተዛባ ቢሆንም ሰው መጫወቱን አይተውም።

እኔን የያዘኝ ግን ኖኅ ነው። ኖኅ ጎበዝ ተማሪ ነው፤ ዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ይማራል። ትምህርቱን የሚከፍልለት ደግ አዛውንት ሃንሱ እውነተኛ አባቱ እንደሆነና ገንዘቡም ከያኩዛ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ባወቀ ጊዜ ሁሉንም ጥሎ ይጠፋል። ናጋኖ ሄዶ ጃፓናዊ መስሎ ይኖራል፤ ያገባል፣ ይወልዳል። የሚያገኘው ሥራ ምን ይመስላችኋል? የፓቺንኮ ቤት መዝገብ ያዥ። ከቆሻሻ ገንዘብ ሸሽቶ የሄደው ሰው ዕድሜውን የዚያኑ ገንዘብ ሂሳብ ሲያስተካክል ይኖራል፤ ሂሳቡም ሁልጊዜ ትክክል ነው። ከ16 ዓመት በኋላ እናቱ አግኝታው ከተመለሰች በኋላ ራሱን ያጠፋል። ልጆቹ አባታቸው ኮርያዊ መሆኑን አያውቁም ነበር።

ሰሎሞን ደግሞ በአሜሪካ ተምሮ ቶኪዮ ውስጥ በአንድ የእንግሊዝ ባንክ ይቀጠራል። ባንኩ አንድ ሰፊ መሬት ይፈልጋል፤ የቀረችውን ቁራጭ የያዙት አንዲት ኮርያዊት አሮጊት አልሸጥም ብለዋል። አለቃው የሰሎሞንን ዘርና የአባቱን ትውውቅ ተጠቅሞ መሬቱን ያስገዛል። አሮጊቷ ከሽያጩ በኋላ ሲሞቱ ነገሩ ያኩዛ ያኩዛ ይሸታል ተብሎ ሰሎሞን ይባረራል። የታጠበ ሸሚዝ የለበሰው ባንክ ያልታጠበውን እጅ ተውሶ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ የራሱን እጅ ይታጠባል። ይህን ክፍል በምሳ ሰዓት በመሥሪያ ቤታችን ምድር ቤት ነበር ያነበብኩት፤ ከሰዓት በኋላ ወደ መስኮቴ ስመለስ እጄን ደጋግሜ አየሁት። ሰሎሞን ወደ አባቱ ሥራ ለመግባት ይወስናል፤ አባቱ አይወድም፣ እርሱ ግን ከሁለቱ ቤቶች የትኛው ሐቀኛ እንደሆነ አይቷል።

መጽሐፉ የሚያበቃው በፓቺንኮ ቤት አይደለም። ያረጀችው ሱንጃ የባሏን የይስሐቅን መቃብር ለመጎብኘት ትሄዳለች። እዚያ የመቃብሩ ጠባቂ ስለ ትልቁ ልጇ ያነሣባታል። ኖኅ ከሰው ሁሉ በተሰወረባቸው በእነዚያ ዓመታት ሁሉ፣ ስሙን ሰውሮ ጃፓናዊ መስሎ በሚኖርበት ጊዜ፣ ከናጋኖ እየመጣ ይህን ባሳደገው አባቱ ስም የቆመ መቃብር ይጎበኝ ኖሯል። ለጠባቂው አንብብ እያለ የዲክንስን መጻሕፍት በጃፓንኛ ትርጉም ያመጣለት ነበር።